ለገና የውሻ ኮላር ላይ የሚሆን ጌጥ በእጄ ልሰራ ነው፣ የድሬና የሐረር ልጆች እስቲ ሀሳብ

የቡቺ እናት፦
ሰላም ናችሁ ጀመዓ። አትሳቁብኝ እንጂ አንድ ነገር ልጠይቅ። ሁለት ውሻ አለኝ፣ ቡቺ ትልቅ ሰውዬ ነው ረጋ ያለ ያበሻ ውሻ፣ ሁለተኛዋ ሚሚ ገና ቡችላ ናት፣ ጥርሷን እየቀየረች ስለሆነ ያገኘችውን ታኝካለች፣ የወንድሜን ነጠላ ጫማ ጨርሳ አሁን ምንጣፉ ጫፍ ላይ ደርሳለች፣ ጾም ስለሆነ ደሞ ቤት ውስጥ አጥንት የሚባል ነገር የለም። የእህቴ ልጆች ታህሳስ 19 ለቁልቢ ከናታቸው ጋር ከአዲስ አበባ ይመጡና እስከ ገና እኛ ጋ ናቸው፣ እና ከአሁኑ በቪዲዮ ኮል ውሾቹን እናስጊጣቸው እያሉ አላስቀምጥ አሉኝ። እኔም ልቤ ፈልጓል አልዋሽም።

ኮላር አላቸው። የቡቺ ከአሮጌ የቆዳ ቀበቶ ጫማ ሰፊ ጋ ያሰራሁለት ነው ዘለበት ያለው፣ የሚሚ ናይለን ነው። ለጌጥ ቤት ውስጥ ያለኝ ይሄ ነው፣ የእማዬ የድሮ ቀሚስ ጥበብ ቁራጭ በሚያብለጨልጭ የሳባ ክር የተሰራ መስቀል መስቀል ያለበት፣ ቀይ የሳቲን ሪቫን፣ ከአምና የገና ዛፍ የተረፈ ብልጭልጭ፣ እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ የገዛኋቸው ትንንሽ ቃጭሎች እና በባትሪ የሚበራ ቀጭን መብራት። የስፌት መኪና የለኝም፣ በእጅ መርፌ ቁልፍ መትከልና የተተረተረ መስፋት እችላለሁ ከዛ በላይ አትጠብቁብኝ። ምን ብሰራ ያምራል? ኮላሩ ላይስ ሳይዞር ሳይወድቅ እንዴት ነው የሚያያዘው? ከነዚ ውስጥ የቱን ልተው? ቡቺ ሁሉን ይችላል፣ ያሳሰበችኝ ሚሚ ናት።

ገንደቆሬ፦
ሰው ለበዓል ሽንኩርት ስንት ገባ እያለ ይጨነቃል እዚ የውሻ ፋሽን ሾው። አቦ ድሬ መጨረሻሽ ሃሃሃሃ

ከዚራ ልጅ፦
አቦ ገንደቆሬ ቁራጭ ጨርቅ ነው ያለችው፣ ከሽንኩርትህ ላይ ምን ቀነሰችብህ። እህቴ አትስሚው። እኔ ለኛ ቤት ውሻ ሁለት ሶስት በዓል ሰርቻለሁ፣ ከሁሉም የሚቀለውና የሚያምረው ቦው ታይ ነው፣ የሙሽራ ሚዜ የሚያደርገው ዓይነት። በእጅ መርፌ ይሰራል መኪና አያስፈልገውም።

24 በ14 ሳንቲም የሆነ ጨርቅ ቁረጪ፣ ይሄ ለቡቺ ነው ለትንሿ 16 በ10 ይበቃታል። ፊቱን ወደ ውስጥ አድርገሽ በርዝመቱ እጠፊውና አንድ ሳንቲም ገባ ብለሽ ረጅሙን ጎን ስፊው፣ ከዛ እንደ ካልሲ ገልብጪው፣ ስፌቱ መሀል ጀርባ ላይ እንዲሆን አስተካክለሽ ካውያ አርጊበት፣ ካውያውን አትዝለይው ካለሱ የተጨማደደ ነገር ነው የሚወጣው። አሁን ሁለቱን ጫፎች ወደ መሀል አምጥተሽ ትንሽ አነባብሪያቸውና ስፊያቸው። መሀሉን በጣትሽ ቆንጥጠሽ ስትይዢው ቦው ይሆናል፣ ያንን ቁንጥጫ በክር ሁለት ሶስቴ ጠምጥመሽ እሰሪው። ከዛ ሌላ ቀጭን ቁራጭ እንደ ቀበቶ ሶስት ቦታ አጥፈሽ መሀሉ ላይ ጠቅልይና ከኋላ ዝጊው።

ሳይዞር ላልሽው ሰው የሚሳሳተው እዚ ላይ ነው፣ ከኋላ አንድ ማሰሪያ ብቻ ካደረግሽለት ቦው ታዩ እንደ አውሮፕላን ክንፍ ወዲያና ወዲህ ይላል። ሁለት አድርጊ፣ ከመሀሉ ግራና ቀኝ ከቦው ጀርባ ላይ ጠፍጣፋ ላስቲክ ሁለት ቦታ ስፊና ኮላሩ በሁለቱም ውስጥ ይለፍ፣ ጥብቅ ይበል። ጌጡን ኮላሩ ላይ አትስፊው ግን፣ መውጣት መግባት አለበት፣ ይታጠባል ደሞም ሲቆሽሽ ይቀየራል። ዛሬ ለገና ቀይ፣ ለእንቁጣጣሽ ቢጫ፣ ኪሮሽ የምትችል ጓደኛ ካለችሽ በጥጥ ክር አደይ አበባ ትሰራልሽና ያችኑ ላስቲክ ከኋላ ትሰፊባታለሽ። ኮላሩ አንድ ነው ጌጡ ብዙ።

የሳቲኑ ሪቫን ለብቻው ቀጭን ስለሆነ ቶሎ ይልፈሰፈሳል፣ ውስጡ አቡጀዴ ብታስገቢበት ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሙጫ አትጠቀሚ በናትሽ፣ የድሬ ፀሐይ ያላቅቀዋል የቀረውን ሚሚ ትልሰዋለች።

ቬት ሀረማያ፦
ሀረማያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ህክምና ተማሪ ነኝ፣ ገና አልጨረስኩም ግን ይሄን ያህል ልናገር። ከዚራ ልጅ ያለው ጥሩ ነው። ካለሽ እቃ ውስጥ ብልጭልጩን፣ መብራቱንና ቃጭሉን ተዪያቸው፣ ለሁለቱም ውሻ እንጂ ለሚሚ ብቻ አይደለም። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ ዝም ብሎ ማስፈራራት እንዳይመስልሽ።

ብልጭልጭ፣ ክር፣ ሪቫን ውሻ ሲውጥ አንዱ ጫፍ ጨጓራ አካባቢ ይያዝና ሌላው ወደ አንጀት ይወርዳል። አንጀት ደሞ ስራው መግፋት ነው፣ ይገፋል ይገፋል ክሩ ግን አይሄድለትም፣ ስለዚ የሱሪ ወገብ ላስቲክ ሲገባበት እንደሚሸበሸበው አንጀቱ በክሩ ላይ ይሰበሰባል፣ ክሩ እየወጠረ ሲሄድ ሊቆርጠውም ይችላል። ያ ማለት ኦፕሬሽን ነው። ማስታወክ፣ ምግብ መተው፣ መደበት ካያችሁ ጠዋት እንውሰደው አትበሉ። ከአፉ ወይ ከኋላው ክር ተንጠልጥሎ ብታዩ ደሞ በፍጹም እንዳትጎትቱት።

መብራቱ ውስጥ ያለችው የሰዓት የምትመስል ክብ ባትሪ ከተዋጠች ጉሮሮ ላይ ተለጥፋ በሰዓታት ውስጥ ስጋውን ታቃጥላለች። ቃጭሉ ደሞ ትንሽ ስለሆነ ይዋጣል፣ ስንጥቅ ስላለው ጥርስና ጥፍር ይይዛል፣ በዛ ላይ ከጆሮው ስር ነው ቀኑን ሙሉ የሚንጫረረው። ሰው እስከ 20,000 ኸርዝ አካባቢ ነው የሚሰማው ውሻ እስከ 45,000 አካባቢ ይደርሳል፣ እና ለኛ ደስ የሚል ድምፅ ለሱ ምን እንደሆነ አስቢው።

አሁን ዋናው፣ ሰው ሁሉ ውሻው የራሱን አንገት መንከስ አይችልም ብሎ ይዝናናል። እውነት ነው አይችልም። ሁለት ውሻ ያለው ቤት ግን ሌላኛው ይችላል! ውሾች ሲጫወቱ የሚነካከሱት አንገት ላይ ነው፣ ሚሚ የቡቺን ቦው ታይ ነው የምትበላው የራሷን አይደለም። ከዛም የባሰ የታችኛው መንጋጋዋ የሱ ኮላር ውስጥ ገብቶ ከተጠማዘዘ እሷ ትጎትታለች እሱ ይታነቃል፣ ሁለቱም ይደነግጣሉ። ስለዚ ጌጡን ለፎቶና እናንተ አጠገባቸው ላላችሁበት ሰዓት ብቻ አድርጉት፣ ልቅ ሆነው ሲሯሯጡ ይውለቅ። ኮላሩ ራሱ ጌጡ ካለበት በኋላ እንደገና ይለካ፣ ሁለት ጣት በአንገቱና በኮላሩ መሀል መግባት አለበት። ቡችላ ደሞ ቶሎ ቶሎ ያድጋል፣ ዛሬ የገባው ጣት ለጥምቀት ላይገባ ይችላል።

መርፌ ቁልፍም እንዳትጠቀሚ። ወፍራም ሻርፕም ይቅር፣ ውሻ ሙቀቱን የሚያበርደው በማለክለክ ነው ላብ የለውም ከመዳፉ በስተቀር፣ ድሬ ደሞ በገናም ቢሆን ቀትር ላይ ታውቂያታለሽ።

ማኪና ግርግር፦
አሰላሙ አለይኩም። እኔ ሐረር ጀጎል ውስጥ ሰፊ ነኝ ሲንጀሬ ላይ ቁጭ ብዬ ነው ይሄን የማነበው ወላሂ ስቄ ሞትኩ። እህቴ እኔ ሻፊዒ ነኝ ውሻ አልነካም፣ የውሻ ምራቅ ከነካኝ ሰባቴ መታጠብ አለብኝ አንዱ ደሞ በአፈር ነው፣ ስለዚ ውሻውን ይዘሽ እንዳትመጪ። ግን ልኩን ወረቀት ላይ ጽፈሽ ብታመጪ ጨርቁ አዲስ ከሆነ ምን ችግር አለው እሰፋልሻለሁ። ያገለገለው ኮላር ቤት ይቅር እሱን አልፈልገውም።

የምትለኪው ሶስት ነገር ነው፣ የአንገቱ ዙሪያ፣ የኮላሩ ስፋት እና ከአንገቱ እስከ ደረቱ። እኔ ብሆን ቦው ታይ አላደርግም ባንዳና ነው የማደርገው፣ ባለ ሶስት ማዕዘን ጨርቅ ሆኖ የላይኛው ጎን ታጥፎ ኮላሩ የሚያልፍበት ቦይ ያለው። የላይኛውን ጎን ከአንገቱ ልክ 10 ሳንቲም ቀንሺው፣ ዘለበቱና የሰንሰለቱ ቀለበት ውጪ መቅረት አለባቸው። ኮላሩ ሁለት ሳንቲም ተኩል ከሆነ ቦዩን አራት አድርጊው፣ የምታስገቢው ዘለበት በሌለው ጫፍ ነው። እንደዚ ሲሆን የሚታሰር ነገር የለም፣ ጫፉ የሚንጠለጠል ሪቫን የለም፣ ያ ሐኪሙ ልጅ የሚፈራው ክር የለም፣ ጠርዙን ሁለቴ አጥፈሽ ከሰፋሽው አይተረተርም። በእጅም ይሰፋል የኋልዮሽ ስፌት ከሆነ ጠንካራ ነው።

ጨርቅ ላይ ልምከርሽ። ሽርጥ ቁራጭ ፈልጊ፣ ጥጥ ነው፣ ቼኩ ያምራል፣ ቢታጠብ ምንም አይሆንም፣ ቀይና አረንጓዴው የናንተን ገና ይመስላል። ድሪያ፣ ያ ስስ የሴቶች ቀሚስ ጨርቅ፣ ውብ ነው ግን መርፌ ላይ ይንሸራተታል ለጀማሪ አይሆንም። ነጠላ አታድርጊ ሽመናው ሳሳ ያለ ነው ጥፍር ይገባበታል። ሳባውን ደሞ ፀጉሩ ላይ እንዳታሳርፊው ይቧጥጣል፣ ካደረግሽም ከላይ ሆኖ ከስሩ አቡጀዴ ገበር ይግባበት። ቀለም የሚለቅ ጨርቅ መሆኑን ለማወቅ በነጭ እርጥብ ጨርቅ እሺው፣ ቡችላ እንደሆነ ሲያለከልክ ምራቁ ያወርደዋል ነጭ ደረት ካለው ቀይ ሆኖ ይቀርልሻል።

እናት ዓለም፦
ልጄ እኔ ጨርቁን ሳይሆን ጥለቱን ነው የማየው። ውሻ የእግዜር ፍጥረት ነው ማስዋብሽን አልቃወምም፣ እኔም ጠባቂ ውሻ አሳድጌያለሁ። ግን መስቀል ያለበትን ጥበብ ውሻ አንገት ላይ አይደረግም። ተኝቶበት ይውላል፣ ይቆሽሻል፣ መንገድ ላይ የሚያይሽም ሰው ያዝናል፣ እናትሽም ቀሚሷን እንደዛ ብታየው ደስ አይላትም። የእናት ቀሚስ ጥበብ ቆርጠሽ ትራስ ልብስ ላይ ስፊው ይኖራል። ለውሻው ከቀፊራ ገበያ አንድ ሜትር ቀይ ጨርቅ ይበቃዋል።

ገንደቆሬ፦
እማማ ልክ ኖት። እኔ እኮ ለቀልድ ነው ያልኩት አሁን የኛ ቤት ውሻ ቀና ብሎ እያየኝ ነው ምን ላርግ

የቡቺ እናት፦
እሺ እማማ፣ መስቀሉ ያለበትን አልነካውም። ከጫፉ ተራ የሆነ ባለ መስመር ጠርዝ አለው መስቀል የሌለበት፣ እሱን ብቻ ባንዳናው ላይ ከላይ በኩል በቀጭኑ ባደርገውስ ይከፋዎታል? እማዬን ጠይቄያት ውሻ ከኔ በላይ ሊለብስ ነው እንዴ ብላ ሳቀች ከዛ ውሰጂ አለችኝ። የሰፊው ወንድሜ የሽርጥ ሀሳብ ግን ገደለኝ፣ የአባዬ ያረጀ ሽርጥ አለ ለዕቃ መጠቅለያ የምናደርገው።

ለሚሚስ ግን? ባንዳና ራሱ ቡቺ አይበላባትም እንዴ?

እናት ዓለም፦
ባለ መስመሩ ምንም አይደል ልጄ። እናትሽንም ሰላም በያት።

ቬት ሀረማያ፦
ቡቺ ትልቅ ከሆነና የሚያኝክ ካልሆነ ችግሩ እሷ ናት። ለሷ የተንጠለጠለ ነገር ሳይሆን ኮላሯን ራሱን አልብሻት፣ የኮላሩን እጥፍ የሚያህል ረጅም የጨርቅ ቱቦ ሰፍተሽ ናይለኑን ውስጡ አሳልፊው፣ ይሸበሸብና እንደ ፀጉር ማስያዣ ይሆናል፣ የሚጎተት ጫፍ የለውም። አጠገቧ ሆናችሁ ለግማሽ ሰዓት ፎቶ አንሱና አውልቁ በቃ። ከዛ በፊት ግን ባዶ ኮላሩን ካልለመደች ጌጥ ላይ አትድረሱ፣ መጀመሪያ አድርጋው ምግቧን ትብላ ትጫወት፣ እየቧጠጠች መሬት ላይ የምትንከባለል ከሆነ አልለመደችም ማለት ነው አውልቁላት። እና ጌጧ ላይ ዶሮ ወጥ እንዳይንጠባጠብበት ስትልሰው ትውላለች፣ ሽንኩርት ለውሻ ደም ጥሩ አይደለም፣ ልጆቹም የተቀቀለ የዶሮ አጥንት እንዳይሰጧት ንገሪያቸው ሲሰበር ሹል ነው።

ሳቢያን፦
ሁላችሁም ስለ ጌጥ አወራችሁ ግን ኮላሩ ላይ ስልክ ቁጥር አለ ወይ? በዓል ዋዜማ ርችት ሲተኮስ ውሻ አጥር ዘሎ ይጠፋል፣ እኛ ሰፈር በየበዓሉ ውሻ ጠፋብኝ የሚል ሰው አይጠፋም። ኮላር የሌለው ውሻ መንገድ ላይ ከተገኘ ባለቤት እንዳለው ማን ያውቃል፣ ድንጋይ የሚወረውር አለ መርዝ የሚጥል አለ። ቡቺ ኮላሩ ቆዳ ከሆነ አውልቀሽ በጋለ ምስማር ቁጥርሽን ቆዳው ላይ ጻፊው፣ ለልጆች አትስጪ ራስሽ አድርጊው። ለናይለኑ ማህተም የሚቀርጹት ልጆች ጋ ሄደሽ ትንሽ የብረት ሰሌዳ ላይ ቁጥር አስቀርጪ፣ በጠንካራ ቀለበት ትንጠልጠል። ባንዳናው እንዳይሸፍናት ከላዩ ትውጣ። የክትባት ወረቀቱንም ፎቶ አንስተሽ ስልክሽ ላይ ያዢው፣ የእብድ ውሻ ክትባት ካልተከተቡ ደሞ ከጌጡ በፊት እሱን አስጨርሺ፣ የሰው ልጆች ይመጣሉ ብለሻል።

ጀጎል ነኝ፦
እኔ ደሞ ሌላ ሀሳብ ነበረኝ፣ አያቴ ስፌት ትሰፋለች፣ ከአክርማና ከባለቀለም አለላ መዳፍ የማታክል ክብ ነገር ሰፍታ ልጆች አንገት ላይ ታደርግላቸዋለች። ለውሻ ኮላር ብትሆን ሐረር ሐረር ትሸታለች ብዬ ነው፣ ምን ትላላችሁ?

እና ሐረር ያላችሁ ሰዎች አስጊጣችሁ ማታ ውጪ እንዳታሳድሩት፣ ቱሪስት እያየው ከሰው እጅ የሚበላው ጅብ በኋላ በየሰፈሩ ዞሮ ነው የሚያድረው፣ መብራትም ቃጭልም አይፈራም።

ቬት ሀረማያ፦
አያትሽን አደንቃለሁ ግን አክርማ ሲደርቅና ሲሰበር እንደ እንጨት ሹል ነው፣ ድድ ላይ ይሰካል። ለቡቺ ፎቶ እጅሽ ላይ ሆኖ ምናልባት። አለዚያ የስፌቱን ቅርፅ ባንዳናው ላይ በጥልፍ አውጡት፣ ክብ ክቡን፣ ቀለሙ ያው ይሆናል አይበላም።

ማኪና ግርግር፦
ጥልፉን እኔ አልችልም ጎረቤቴ ያለችው ሴትዮ ትችላለች። ሽርጡን አጥበሽ አምጪ፣ ቅዳሜ ሱቅ ነኝ፣ የአባትሽ ከሆነ ሙሉውን እንዳትቆርጪው ጥግ ጥጉን ነው የምፈልገው፣ 45 በ45 ከሆነ ከጥግ እስከ ጥግ ተቆርጦ ሁለት ባንዳና ይወጣዋል።

ከዚራ ልጅ፦
ለሚሚ ያልኩትን 16 በ10 ሰርዢው፣ ሐኪሙ ያለውን ቱቦ አድርጊላት። ቡቺ ግን ቦው ታይ ይገባዋል፣ ፎቶውን እዚ ካልለጠፍሽ አኮርፋለሁ።

የቡቺ እናት፦
ቡቺ ሁለቱንም ያደርጋል፣ ለፎቶ ቦው ታይ ለመንገድ ባንዳና። የቡቺ አንገት 41 ሚሚ 24 ነው ለካሁ። ሰፊው ወንድሜ ቅዳሜ በሚኒባስ እመጣለሁ ውሾቹ ድሬ ይቀራሉ አትስጋ።

አሸዋ ሰፈር፦
ይቅርታ ዘግይቼ ነው የገባሁት፣ ድመት ላይስ ይሰራል ይሄ ባንዳና? የኔዋ ግድግዳ ላይ ነው የምትውለው።

ቬት ሀረማያ፦
ለድመት ሲጎተት ራሱ የሚከፈት ኮላር ከሌለሽ አይሆንም፣ ዘለበት ያለው ከሆነ ቅርንጫፍ ወይ አጥር ላይ ተይዞ ያንቃታል። ክርና ሪቫን ላይ ደሞ ከውሻ የባሱ ናቸው፣ ለመጫወት ይጀምሩና ይውጡታል።

አሸዋ ሰፈር፦
ትናንት የልብስ ስፌት ክር ከነጥቅሉ ነው የወሰደችብኝ

ቬት ሀረማያ፦
እንግዲያው ለሷ ምንም አታድርጊላት። ክሩን ግን አገኘሽው?